ከስትሮክ በኋላ ቃል ሲጠፋ፤ ጨዋታው አይቋረጥ

ስትሮክ ደርሶበት ከሆስፒታል ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ለመጠየቅ ሄዶ የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። ጠያቂው ገና አልጋው አጠገብ እንደተቀመጠ «አወቅኸኝ? እስቲ ስሜን ጥራ» ይላል። ታማሚው አፉን ይከፍታል፤ ቃሉ ግን አይመጣለትም፤ ወይም ያላሰበው ሌላ ቃል ያመልጠዋል። ጠያቂው ራሱን ይነቀንቅና ወደ አስታማሚዋ ዞሮ «አይ፣ ሰውም አይለይ» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ ሁሉ በታማሚው አናት ላይ የሚያልፍ ነው፤ ምን በላ፣ እንቅልፍ ይተኛል ወይ፣ ሐኪሙ ምን አሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ታማሚው ጠያቂውን ከነስሙ፣ ምናልባትም ከነተበደረው ገንዘብ እያስታወሰው ሊሆን ይችላል።

ይህ ችግር በሕክምናው አፌዚያ ይባላል። ቋንቋን የሚያስተዳድረው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ የሚመጣ የመናገር፣ የሰሙትን የመረዳት፣ የማንበብና የመጻፍ ችግር ነው። በአማርኛ የረጋ ስም ገና አላገኘም። ሰው «አንደበቱ ተዘጋ»፣ «ምላሱ ታሰረ» ይላል፤ አባባሉ ጥፋቱን ምላስ ላይ ይጥላል እንጂ ምላሱስ ብዙውን ጊዜ ደኅና ነው። በአብዛኞቻችን የቋንቋው ክፍል የሚገኘው በግራው የአንጎል ወገን ነው። ይኸው ወገን ቀኝ እጅና እግርን ስለሚያዝ ብዙዎቹ የአፌዚያ ታማሚዎች ቀኝ ጎናቸው አብሮ ይደክማል።

ዋናው መንስኤ ስትሮክ ነው። ከስትሮክ ከሚተርፉት ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ አፌዚያ ያጋጥመዋል። በትራፊክ አደጋ ጭንቅላታቸው በተጎዳ፣ የአንጎል ዕጢ ወይም የአንጎል ኢንፌክሽን በያዛቸው ሰዎች ላይም ይታያል። በአገራችን ደግሞ ስትሮክ የአዛውንት ሕመም ብቻ አይደለም። በልጅነት በደንብ ካልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ተነስቶ የልብ ቫልቭን የሚያበላሸው ሕመም፣ ዓመታት ቆይቶ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሊልክ ይችላል። ስለዚህ ገና በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ፣ ልጅ የሚያሳድጉና ቤት የሚያስተዳድሩ ሰዎችም ቃላቸውን አጥተው ወደ እኛ ይመጣሉ።

ቃል ማጣትና አእምሮ ማጣት የተለያዩ መሆናቸውን ሕክምናው ካወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1861 በፓሪስ ቢሴትር ሆስፒታል ፖል ብሮካ የተባሉ ሐኪም አንድ ታማሚ መረመሩ። ሰውየው በሆስፒታሉ 21 ዓመት የኖረ ሲሆን ለሚጠየቀው ሁሉ መልሱ «ታን፣ ታን» ብቻ ስለነበር ሰዎቹ መጠሪያውን ራሱ «ታን» አድርገውት ነበር። ነገር ግን እዚያ ስንት ዓመት እንደቆየ ሲጠየቅ በግራ እጁ ጣቶች ያሳይ ነበር። ሰዓት ሲቀርብለትም አይቶ ያመለክታል። በጣም ሲናደድ ደግሞ አንድ የስድብ ቃል ጥርት ብላ ትወጣው ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲሞት ብሮካ አንጎሉን መርምረው በግራ በኩል፣ ከግንባሩ አካባቢ የተጎዳውን ቦታ አገኙ። ያ ቦታ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። የሕክምና ተማሪ ሁሉ የሚያጠናው ቦታውን ነው፤ ለእኔ ግን ትልቁ ነገር የጣቶቹ ቆጠራ ይመስለኛል። ያ ሰው 21 ዓመት ሙሉ ይቆጥር ነበር ማለት ነውና።

ሁሉም ታማሚ እንደ «ታን» አይደለም። አንዳንዱ ቃሉ ጥቂት፣ አረፍተ ነገሩ የተቆራረጠ፣ እያንዳንዱ ቃል እንደ ድንጋይ የሚከብደው ነው፤ የሚነገረውን ግን በአብዛኛው ይረዳል። ሌላው ደግሞ ያለ ችግር ይናገራል፤ ዜማውና ፍጥነቱ የጤነኛ ሰው ነው፤ ቃላቱ ግን ተደባልቀው ትርጉም አይሰጡም፤ የሚነገረውንም በደንብ አይረዳም። ይህን ዓይነቱን እ.ኤ.አ. በ1874 ካርል ቬርኒከ የተባሉ ጀርመናዊ ሐኪም ለይተው ገልጸውታል። ብዙ ጥፋት የሚደርሰው በዚህኛው ታማሚ ላይ ነው። እጅና እግሩ ሳይደክም በድንገት የማይገናኝ ነገር መናገር ስለሚጀምር «አበደ»፣ «ለከፈው»፣ «ሰክሯል» ይባላል። ሲያሥሩት የደረስኩበት ታማሚ አለ። ትናንት ደኅና ያደረ ሰው ዛሬ በድንገት ንግግሩ ከተዘበራረቀ መጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው አንጎሉ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አስቸኳይ ነገር ልናገር። ፊት ወደ አንድ ወገን ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ ወይም ንግግር በድንገት ሲጠፋ ወይም ሲንተባተብ ጊዜ ሳይባክን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ባለበት ቦታ የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። መድኃኒቱ በሌለበት ሆስፒታል እንኳ መድረሱ ትርጉም አለው፤ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ዝቅ ሲል ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳይ ስለሚችልና ይህ በደቂቃ ውስጥ የሚስተካከል ስለሆነ ነው። መዋጥ ሊያስቸግረው ስለሚችል ውሃም ሆነ ሌላ ነገር በአፉ አታድርጉ። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ያዙ። ጸበልም ሆነ ጸሎት የሚፈልግ ቤተሰብ ይጸልይ፤ ሰዓቱን ግን ሆስፒታል አልጋ ላይ ያሳልፈው።

ከሆስፒታል በኋላ ያለውን ሕይወት ግን ብዙ አንነጋገርበትም። ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚሞክረው ወረቀትና እስክርቢቶ ማቅረብ ነው። ታማሚው ሲያቅተው ተስፋ ይቆርጣሉ። አፌዚያ ግን የሚነካው ቋንቋን ነው፤ ቋንቋ በአፍም በእጅም የሚወጣው ከዚያው ከተጎዳው ቦታ ስለሆነ መናገር የከበደው ሰው መጻፍም አብዛኛውን ጊዜ ይከብደዋል። የምልክት ቋንቋም በዚሁ ምክንያት አቋራጭ መንገድ አይሆንም። በውጭ አገር ታማሚው ፊደል እየጠቆመ ቃል የሚሠራበት ሰሌዳ አለ። የእንግሊዝኛው ፊደል 26 ነው፤ የእኛ ገበታ 33 ቤት በሰባት ረድፍ 231 ነው። ያንን ሁሉ ፊት ለፊቱ ዘርግቶ «ጠቁም» ማለት ለጤነኛውም አይመች። ለእኛ ታማሚ ሥዕልና ፎቶ ይሻለዋል።

ቤተሰብን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው፣ አንዳንዴም የሚያስቆጣው ሌላ ነገር ነው። አንዲት እናት ለልጇ «ውሃ» ማለት ያቅታታል፤ ጠዋት ግን «አባታችን ሆይ»ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትደግማለች። አንድ አባት የሚስታቸውን ስም መጥራት አይችሉም፤ በሶላት ሰዓት ግን ፋቲሓን ሳይሳሳቱ ይቀራሉ። ልጆቹ «መናገር ይችላል፤ እኛን ሊያናግር አልፈለገም» ይላሉ። አይደለም። ለዓመታት የተደጋገመ ጸሎት፣ ከአንድ እስከ አሥር መቁጠር፣ የሳምንቱ ቀናት ስም፣ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «ወላሂ»፣ ሰላምታና ዘፈን በአንጎል ውስጥ የሚወጡበት መንገድ አዲስ ዓረፍተ ነገር ከምንሠራበት መንገድ ይለያል። ያ መንገድ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ስድብም በዚሁ መንገድ ይወጣል። ዕድሜዋን ሙሉ ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ እናት ጎረቤት ፊት ስትሳደብ ልጆቿ ያፍራሉ፤ በሩን ዘግተው ጠያቂ ይከለክላሉ። የወጣው ቃል እሷ የፈለገችው እንዳልሆነ ለጎረቤት መንገር ይበቃል፤ በሩን መዝጋት ግን በሽታውን ያከብደዋል።

በሩን መዝጋት በሽታውን ያከብዳል የምለው ለማባበል አይደለም። የቋንቋ ሕክምናው ራሱ የሚሠራው በመነጋገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመ፣ ከ28 አገሮች ከ5 ሺህ 900 በላይ የአፌዚያ ታማሚዎችን መረጃ አንድ ላይ ያሰባሰበ ጥናት አለ። ከፍተኛ መሻሻል የታየው በድምሩ ከ20 እስከ 50 ሰዓት ሕክምና ባገኙት፣ ሕክምናው በሳምንት ውስጥ በተደጋገመላቸውና ቤት ውስጥ የሚሠሩት ልምምድ በተሰጣቸው ላይ ነው። በጀርመን የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ስትሮክ ከያዛቸው ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ያለፋቸውን ከ150 በላይ ሰዎች ተከታትሏል። ለሦስት ሳምንት፣ በሳምንት ቢያንስ አሥር ሰዓት ሕክምና ያገኙት በዕለት ተዕለት ንግግራቸው ተሻሽለዋል። ስለዚህ «ስድስት ወር አልፎታል፤ ከዚህ በኋላ ለውጥ የለም» የሚባለው፣ አንዳንዴም በእኛ በሐኪሞች አፍ የሚነገረው ቃል ልክ አይደለም። ፈጣኑ ለውጥ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይመጣል፤ ቀስ ያለው ግን ለዓመታት ይቀጥላል።

በተቃራኒው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ታማሚውን በልምምድ ማጣደፍ የተሻለ ውጤት እንዳላመጣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ የተሠራ ጥናት አሳይቷል። ይህን የማነሳው ታማሚው ገና ከአልጋ ሳይነሳ «በል ድገም፤ ሀ በል» እያሉ የሚያደክሙ ቤተሰቦች ስላሉ ነው።

አሁን ስሌቱን እንሥራ። በአገራችን የንግግርና ቋንቋ ሕክምና ባለሙያዎች ቁጥር እጅግ ትንሽ ነው፤ ያሉትም ባብዛኛው አዲስ አበባ ናቸው። አንድ ታማሚ ዕድለኛ ሆኖ በወር አንድ ጊዜ የግማሽ ሰዓት ቀጠሮ ቢያገኝ 20 ሰዓት ለመሙላት 40 ወር ያስፈልገዋል። ከሦስት ዓመት በላይ ማለት ነው፤ የትራንስፖርቱን ነገር ሳናነሳ። በዚህ አካሄድ ታማሚው ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ዝም ብሎ ከጠበቀ ምንም አያገኝም። ባለሙያው በግማሽ ሰዓት ያሳየውን ነገር በቀሪው ወር የሚሠራ ሰው ቤት ውስጥ፣ ሠፈር ውስጥ መኖር አለበት።

ይህን በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ የጀመሩት ሐኪም አልነበሩም። ባለቤታቸው አፌዚያ የያዛቸው ፓት አራቶ የተባሉ ሴት እ.ኤ.አ. በ1979 ታማሚዎች ተሰብስበው የሚጫወቱበት ማዕከል አቋቋሙ። ዛሬ አፌዚያ ኢንስቲትዩት ይባላል። በዚያ የሠሩት የንግግር ሕክምና ባለሙያ ኦራ ካገን ትኩረታቸውን ከታማሚው ወደ አነጋጋሪው አዞሩ። አነጋጋሪው ሰው «እንደምታውቀው አውቃለሁ» የሚል መንፈስ ይዞ እንዲቀርብ፣ በሥዕል፣ በምልክትና በተጻፉ አጫጭር ቃላት እንዲያግዝ ማሠልጠን ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጡት ጥናት እንዳሳየው ለአጭር ጊዜ የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች ያነጋገሯቸው ታማሚዎች፣ እነሱ ራሳቸው ምንም ሥልጠና ሳይሰጣቸው፣ ካልሠለጠኑት ጋር ከተነጋገሩት የተሻለ ሐሳባቸውን ገልጸዋል። የተለወጠው አነጋጋሪው ነበር።

እዚያ ሕንጻ ሠርተው፣ በጎ ፈቃደኛ አሰባስበው የፈጠሩት ነገር እኛ ሠፈር በየቀኑ አለ። ቡና አለ፤ ዕድር አለ፤ ማኅበርና ጽዋ አለ፤ ከጁምዓ በኋላ በመስጊዱ ደጃፍ ላይ የሚደረግ ጨዋታ አለ። የታመመን መጠየቅ ግዴታችን ነው። የቸገረን የአጠያየቁ ነገር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ በሰው ይጨናነቃል፤ ሃያ ሰው አንድ ላይ ያወራል፤ ታማሚው አንዱንም መከታተል አይችልም። በሦስተኛው ወር ደግሞ የሚመጣ የለም። ለአፌዚያ ታማሚ የሚጠቅመው የዚህ ግልባጭ ነው፤ ጥቂት ሰው፣ ለረጅም ጊዜ። አንድ ዕድር ከአባላቱ ሁለት ሰው መድቦ፣ በሳምንት አንድ አንድ ሰዓት ታማሚው ቤት ሄደው እንዲጫወቱ ቢያደርግ የሚያስወጣው ገንዘብ የለም። የሚመረጡትም ወሬ የሚያበዙት ሳይሆኑ መጠበቅ የሚችሉት ይሁኑ።

እንዴት ይጫወቱ? ቴሌቪዥኑንና ሬዲዮውን ያጥፉ። ከፊት ለፊቱ ይቀመጡ። አይጩኹ፤ ጆሮው ደኅና ነው። እንደ ሕጻንም አያባብሉት። ስምን በማስጠራት አይጀምሩ፤ «እኔ የታችኛው ሠፈር እገሌ ነኝ፤ ልጠይቅህ መጣሁ» ብለው ራሳቸውን ያስተዋውቁ፤ ፈተናው ይቀራል። አጭር ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ጉዳይ በአንድ ጊዜ። ጥያቄ ሲጠይቁ «ምን ይምጣልህ?» ከማለት ይልቅ ስኒውንና ብርጭቆውን አንስተው «ቡና ወይስ ሻይ?» ቢሉ ይቀለዋል። ከዚያ ይጠብቁ። በልባቸው እስከ አሥር ይቁጠሩ። ዝምታ ለኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም ይባላል፤ ታማሚ ፊት ግን አምስት ሰከንድ አንችልም።

ጅምር ቃሉን ነጥቀው አይጨርሱበት፤ እንዲያግዙት እንደሚፈልግ መጀመሪያ ይጠይቁት። ያልገባቸውንም እንደገባቸው ሆነው «እሺ፣ እሺ» አይበሉ፤ ታማሚው ይህን ወዲያው ያውቃል። «አልገባኝም፤ ስለ ቤት ነው? ስለ ልጆቹ ነው?» እያሉ ቢያጠቡ ይሻላል። «አዎ» እና «አይደለም»ን አስተማማኝ ማድረግ የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ አፌዚያ ያለበት ሰው «አይ» ለማለት ፈልጎ «አዎ» ሊያመልጠው ይችላል። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ «አዎ» ማለት፣ ቅንድብ ማንሳት፣ አውራ ጣት ማሳየት ከቃሉ ይልቅ ታማኝ ሊሆኑ ስለሚችሉ የትኛው እንደሚሠራለት ፈትሹ። መልሱንም ጥያቄውን ገልብጣችሁ አረጋግጡ።

የፎቶ ደብተር አዘጋጁ። የቤተሰቡ አባላት፣ ጎረቤቶች፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ፣ የሚወዳቸው ምግቦች፣ መድኃኒቶቹ፣ ሕመሙን የሚጠቁምበት የሰው አካል ሥዕል፣ የቀን መቁጠሪያ። በስልክ ፎቶ አንሥቶ ማሳተም ወይም እዚያው ስልኩ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ማንበብ የማይችል ታማሚም ይህን ይጠቀምበታል። እናም እባካችሁ የቤቱን ጉዳይ ጠይቁት። ልጅ ሲዳር፣ በሬ ሲሸጥ፣ ቤት ሲከራይ አፉ ስለማይመልስ ብቻ ሐሳቡ አይታለፍ። አፌዚያ ያለባቸው ሰዎች ከሌሎች የስትሮክ ታማሚዎች ይልቅ በድብርት የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ምግብ የሚጠላ፣ ሌሊት የማይተኛ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞር ታማሚ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ «ተፈጥሮው ተለወጠ» ተብሎ መተው የለበትም።

ዘፈንና መዝሙርስ? በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የሚታወቅ፣ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን በዜማ እያሉ የግራ እጅን እያንኳኩ የሚለማመዱበት ዘዴ አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ጭንቅላታቸውን በጥይት የተመቱት የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ጋቢ ጊፎርድስ ወደ ንግግር ሲመለሱ መዝሙርና ዘፈን ከሕክምናቸው አንዱ ነበር። ዘዴው የተለማመዱትን ዓረፍተ ነገር ለማውጣት ይረዳል፤ ያልተለማመዱትን ንግግር የመመለስ ኃይሉ ግን ያን ያህል አይደለም። ቢሆንም ለወራት ድምፁን ያልሰማ ሰው መዝሙር ሲያወጣ የሚሰማው ደስታ ራሱ ለሚቀጥለው ልምምድ ጉልበት ነው። ቡናው ላይ አብራችሁ ዘምሩ።

በአገራችን ብዙ ሰው ከአንድ በላይ ቋንቋ ይናገራል። ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛ ወይም ትግርኛ፣ ሥራ ቦታ አማርኛ፣ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ። ከስትሮክ በኋላ የትኛው ይመለሳል? ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ሐኪሞች ተከራክረውበታል፤ ሪቦ መጀመሪያ የተማሩት ነው ሲሉ፣ ፒትር ከመታመሙ በፊት አብዝቶ የሚጠቀምበት ነው ብለዋል። ብዙ ጊዜ የሚታየው ሁሉም አብረው መሻሻላቸው ነው፤ አንዱ ቀድሞ የሚወጣበት ሁኔታም አለ። ስለዚህ የከተማ ልጆች «አባባ ትርጉም የለሽ ነገር ይናገራል» ከማለታቸው በፊት አገር ቤት ያለች አክስት ደውላ ብታዳምጠው ጥሩ ነው፤ ምናልባት ልጆቹ የማያውቁት ቋንቋ ይሆናል። በአሜሪካ፣ በእስራኤል ወይም በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖችም ወላጃቸው በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ብቻ ተመርምሮ «ምንም አይረዳም» እንዳይባል አስተርጓሚ ይጠይቁ። በአሜሪካ የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት።

የምርምሩ ነገር የሚያሳስበኝም ከዚሁ ጋር በተያያዘ ነው። የአፌዚያ መመርመሪያና የሕክምና መልመጃ ከሌላ ቋንቋ ተተርጉሞ ብቻ አይሠራም። እንግሊዝኛ በአራት ወይም በአምስት ቃል የሚለውን እኛ «አልነገርኳትም» ብለን በአንድ ግስ እንጨርሰዋለን፤ ተናጋሪው፣ ተነጋሪዋ፣ ጊዜውና አሉታው ሁሉ በአንድ ቃል ውስጥ ታጭቀዋል። አንጎሉ የተጎዳ ሰው ከዚህ ውስጥ የትኛውን ይጥላል? የትኛውን ያስቀራል? መጀመሪያ የሚያለማምዱት የትኛውን ቅርጽ ነው? ይህን የሚመልሱት የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የሶማሊኛና የሌሎች ቋንቋዎቻችን ምሁራን ከሕክምና ባለሙያዎች ጋር ሲቀመጡ ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የቋንቋ ትምህርት ክፍልና የሕክምና ፋኩልቲ አለ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለሚፈልግ ተማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ስለ ዕድርና ቡና ይህን ያህል ማውራቴ ኃላፊነቱን ከመንግሥት ላይ ለማንሳት አይደለም። ጎረቤት ባለሙያን አይተካም፤ ልምምዱን የሚመርጥ፣ የሚያስተካክል፣ መዋጥ የሚያስቸግረውን የሚለይ ባለሙያ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 የአካል ጉዳተኞችን ለማቋቋም መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ሀብት እንደሚመድብ ደንግጓል። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትንም እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። የንግግርና ቋንቋ ባለሙያ የሥራ መደብ በክልል ሪፈራል ሆስፒታሎች መከፈት አለበት፤ መደብ ከሌለ ተማሪ አይመዘገብም። እስከዚያው ግን ባለሙያው በስልክ ቤተሰብን የሚያሠለጥንበት፣ ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ ቤት ለቤት የሚሠሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ አፌዚያ አንድ ገጽ በሥዕል የተደገፈ መመሪያ ይዘው የሚሄዱበት መንገድ ቢኖር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የደም ግፊት ሊለኩ የሚገቡበት ቤት ብዙውን ጊዜ ያው ቤት ነው።

የባንክና የውክልና ጉዳይ ደግሞ ሳይነሳ የማይታለፍ ነው። አንድ አባት ጡረታቸውን ሊያወጡ ሄደው በግራ እጅ የፈረሙት ፊርማ ከድሮው ጋር አልገጠመም፤ «ይናገሩ» ሲባሉ መናገር አልቻሉም። ልጃቸው ውክልና ልታወጣ ስትሞክር «ፈቃዳቸውን በቃላቸው ይግለጹ» ተባለች። ቀጥሎ የተሰጣት ምክር አባቷን በፍርድ ቤት «ራሱን የማያውቅ» ማስባል ነበር። አባትየው ይህን ሁሉ እያዳመጡ ነበር። የሚነገረውን የሚረዳ ሰው ፈቃዱን በሥዕልና በ«አዎ/አይደለም» ሊገልጽ ይችላል፤ ጥያቄው ተገልብጦ ሁለት ሦስቴ ቀርቦለት መልሱ ካልተለዋወጠ ፈቃዱ ታውቋል። ተቋማት ይህን የሚፈቅድ አሠራር ያስፈልጋቸዋል። የሙያ ባልደረቦቼንም አንድ ነገር እለምናለሁ፤ በምንጽፈው የሕክምና ማስረጃ ላይ «መናገር አይችልም» ብለን አንቁም። የሚነገረውን ይረዳል ወይ? በምን መንገድ ይመልሳል? ይህን ለይተን እንጻፍ፤ የሰውየው ንብረትና መብት በዚያች መስመር ላይ ነው።

ንግግርን የሚመልስ እንክብል ወይም መርፌ እስካሁን የለም። «ለነርቭ» እየተባለ በተከታታይ የሚወጋው ቫይታሚን ቋንቋ አይመልስም፤ ገንዘቡን ለደም ግፊት መድኃኒት አውሉት፤ ሁለተኛ ስትሮክ ከመጣ የተረፈውን ቃል ይወስደዋልና። አንጎልን በቀላል የኤሌክትሪክ ኃይል የማነቃቃት ዘዴም በምርምር ላይ ነው፤ ገና የዘወትር ሕክምና አልሆነም። ቃል የሚጠፋው በድንገት ሳይሆን በወራትና በዓመታት ቀስ በቀስ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። ተዋናዩ ብሩስ ዊሊስ አፌዚያ እንዳለበት ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ2022 ከገለጸ በኋላ በዓመቱ የመርሳት በሽታ ዓይነት መሆኑ ታውቋል፤ እንዲህ ያለው ታማሚ የነርቭ ሐኪም ያየው።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ ስትመጡ ታማሚው በወሩ ውስጥ ያወጣቸውን ቃላት፣ በየትኛው ቋንቋና በምን ሰዓት እንደወጡ ጽፋችሁ ይዛችሁ ኑ። ትናንት በሙሉ ዝም ብሎ ዛሬ ድመቷን «ሂጂ» ያላትም ይጻፍ። የፎቶ ደብተሩንም አምጡት። ሐኪሙ ፊቱን ወደ እናንተ አዙሮ «እንዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ደብተሩን ከፍታችሁ ታማሚው ጭን ላይ አስቀምጡትና ጥያቄው ለእሱ እንዲቀርብለት ንገሩት።